ልብ በድንገት ሲጋልብ፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ
ቁጭ ብላችሁ እያወራችሁ ነው። ልባችሁ በድንገት ድው ድው ማለት ይጀምራል። በደቂቃ 150፣ አንዳንዴም ከ200 በላይ። አንገት ላይ ይርገበገባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያዞራል። ከዚያ እንደ አጀማመሩ በድንገት ቀጥ ይላል።

ይህን አጀማመርና አጨራረስ ልብ በሉ። የጭንቀት ልብ ምት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ስንት ወጣት ግን «ጭንቀት ነው» እየተባለ ዓመታት ይንገላታል! ጨቅላ ሕፃን ደግሞ መናገር አይችልም። ጡት እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ይገረጣል።

መንስኤው
ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው ኤሌክትሪክ ማለፍ ያለበት በአንድ በር ብቻ ነው። እዚያም ታችኛው ክፍል በደም እስኪሞላ ለቅጽበት ይዘገያል። አንዳንዱ ሰው ግን ትርፍ መስመር ይዞ ይወለዳል። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ወርዶ በሌላው ይመለስና መሽከርከር ይጀምራል። በእያንዳንዱ ዙር ልብ አንዴ ይመታል። ሕመሙ በ1930 እ.ኤ.አ. ባብራሩት ሦስት ሐኪሞች ስም ቮልፍ-ፓርኪንሰን-ዋይት ይባላል።

እንዴት ይታወቃል?
የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር በሚስለው ምርመራ፣ በኢሲጂ። ልብ በተረጋጋበት ሰዓትም ፍንጭ ሊገኝ ይችላል፦ ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት ሹል መስመር እግሩ ላይ እንደ ዳገት ጋደም ይላል። ዴልታ የሚሉት ይህን ነው። ትርፉ መስመር ተደብቆ ኢሲጂው ንጹሕ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ልብ እየጋለበ የተነሳ ኢሲጂ ካላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ለሐኪሙ ወርቅ ነው።

ሲነሳ ምን ይደረግ?
ሐኪም ካሳያችሁ፣ ከፊል ጋደም ብላችሁ ለ15 ሰከንድ ትንፋሽ ይዛችሁ፣ ሰገራ እንዳስቸገረው ሰው ወደ ታች ግፉ። ወዲያው በጀርባ ተኙና ሰው እግራችሁን ከፍ ያድርግላችሁ። ዙሩን ሊሰብረው ይችላል። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም በጣም ፈጣንና የተዘበራረቀ ምት ከመጣ ግን ጊዜ አታባክኑ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

እዚያም ትርፍ መስመር እንዳላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በተዘበራረቀው ምት ላይ እንደ ቬራፓሚልና ዲጎክሲን ያሉ መድኃኒቶች ኤሌክትሪኩን ወደ ትርፉ መስመር ሊገፉትና ሕይወት ሊያሰጉ ይችላሉ። የሌላ ሰው የልብ ኪኒን መዋስማ ፈጽሞ አይታሰብም።

ዘላቂው መፍትሄ
አብሌሽን ነው። ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ስር ልብ ድረስ ይገባል። ሐኪሙ ትርፉን መስመር ፈልጎ በሙቀት ያቃጥለዋል፤ ለዋናው በር ከቀረበ በቅዝቃዜ ሊያደርገው ይችላል። ከ10 ሰው ከ9 በላይ ይሳካል። ደረት አይከፈትም።

ምንም ሳያማችሁ በአጋጣሚ ዴልታ ከተገኘባችሁም፣ በተለይ ስፖርተኛ ከሆናችሁ፣ የልብ ምት ስፔሻሊስት ይያችሁ።