ሠርግ ላይ ዲጄ ለምትሆኑ

አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግና መልስ ላይ አጫውታለሁ። ሥራው የሚጀምረው ሠርጉ ሳይደርስ ነው። አንደኛ ሚዜውን አግኙትና ቤተሰቡ ከየት ከየት እንደሆነ ጠይቁት። የሙሽሪት ወገን ከጉራጌ፣ የሙሽራው ከትግራይ ከሆነ ሁለቱም ተራቸውን ይፈልጋሉ። ጉራጊኛ ፈጣን ነው፤ ሰው ቶሎ ይደክማል። 3 ካጫወታችሁ በኋላ ረጋ ያለ ትግርኛ አስገቡ። ሰው ክብ ሠርቶ ይዞራል፣ እናቶችም ከወንበር ይነሳሉ። እኔ እነሱን ሳላስነሳ ማምሸት አልወድም።

ስለ መብራት ላስጠንቅቃችሁ። አንዴ ድንኳን ውስጥ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ በባትሪው ይሠራል፤ ስፒከሩ ግን ጭጭ አለ። እናቶቹ ናቸው በእልልታና በጭብጨባ ያስገቧቸው። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የሚደረግ ስፒከር ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። የመግቢያውን ዘፈን ደግሞ ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም ጫኑት።

ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። መቀነስ አይበቃም።

ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንቶች ይጣበባሉ፤ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ።