ቁልፉ በኤፒአይ ተሰርዟል፣ ሰውየው ግን አሁንም ይገባል

አንድ ባለሙያ ስራ ይለቃል። ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚገባበት የኤስኤስኤች ቁልፉ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች ለአገልግሎቱ ትዕዛዝ በሚልኩበት መንገድ) ይሰረዛል። 204 የሚል መልስ ይመጣል፣ ተሳክቷል ማለት ነው። ሁሉም «በቃ ተዘጋ» ብሎ ወደ ስራው ይመለሳል። በማግስቱ ሎጉ (ሰርቨሩ የሚይዘው የክንውን መዝገብ) ሲታይ ሰውየው በዚያው ቁልፍ ገብቷል።

ኤፒአዩ አልዋሸም። ሰርዝ የተባለውን ሰርዟል። የሰረዘው ግን እናንተ ያሰባችሁትን አይደለም።

ምልክት፦ 204 መጣ፣ መግባቱ ግን አልቆመም

ሰርቨር የሚያከራዩት ዲጂታል ኦሽንም ሆነ ሄትዝነር ላይ በኤፒአይ የምትሰርዙት አካውንታችሁ ውስጥ የተመዘገበውን ቅጂ ነው። ሰርቨሩ ሲፈጠር ያ ቅጂ የትኛው ቁልፍ እንደሚያስገባ ወደሚዘረዝረው «ኦቶራይዝድ ኪስ» (authorized_keys) ወደሚባል የሰርቨሩ ፋይል አንዴ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይተዋወቁም። የአማዞን የሰርቨር ኪራይ አገልግሎት ኢሲቱም (EC2) እንዲሁ ነው። መዝገብ ላይ ስም መሰረዝ የበር ቁልፍ መቀየር አይደለም። ጉግል ክላውድ ትንሽ ይለያል፦ ቁልፉን ከሜታዳታ (ስለ ሰርቨሩ ከተያዘው መረጃ) ስታወጡ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኤጀንት የሚባል ፕሮግራም ራሱ ከፋይሉ ያነሳዋል፣ ኤጀንቱ እየሰራ ከሆነ።

መፍትሄው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ፋይሉን ማጽዳት ነው። የለቀቀውን ሰው አካውንት ብቻ አይታችሁ አትውጡ። የሩትን (ሙሉ ስልጣን ያለውን ዋና አካውንት) እና ለዲፕሎይመንት (ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ለመጫን) የተከፈተውን የጋራ አካውንትም እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። በቁልፉ መስመር መጨረሻ ባለው ስም አትፈልጉ። ያ ማስታወሻ ብቻ ነው፣ ማንም የፈለገውን ይጽፍበታል። ከቁልፉ ተሰልቶ በሚወጣው አጭር መለያ፣ በፊንገርፕሪንት ፈልጉ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው 6.8 ጀምሮ ሎግ ላይ የሚጽፈው ሻ 256 በሚባል ስሌት የወጣ ፊንገርፕሪንት ነው። የዲጂታል ኦሽንና የሄትዝነር ኤፒአይ የሚሰጣችሁ ደግሞ ኤምዲ 5 በሚባል ሌላ ስሌት የወጣውን። አንድ ቁልፍ ሁለት ቁልፍ ይመስላል። የኤስኤስኤች ኪጅን (ssh-keygen) ትዕዛዝ በኤምዲ 5 እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል፤ እንደዚያ አድርጋችሁ አነጻጽሩ።

ምልክት፦ ቁልፉ ከፋይሉ ወጥቷል፣ ሰውየው ግን ውስጥ ነው

ኤስኤስኤች ማንነት የሚያጣራው ሲገናኙ ብቻ ነው። አንዴ ከተገባ ቁልፉ ይኑር አይኑር ተመልሶ አይጠይቅም። በዚያ ላይ በተከፈተ ግንኙነት ላይ ሌላ ተርሚናል ያለ አዲስ ማጣራት መክፈት ይቻላል። ስለዚህ ቀድማችሁ ቁልፉን አውጡ፣ ቀጥሎ አካውንቱን ዝጉ፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ፕሮሰሶች (እየሰሩ ያሉ ፕሮግራሞች) በሙሉ ግደሉ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ባቋረጣችሁት ቅጽበት ተመልሶ ይገባል።

የገቡትን ሰዎች የሚዘረዝረው «ሁ» (who) የሚለው ትዕዛዝ አያስተማምንም። ተርሚናል ሳይይዝ ቱነል (በኤስኤስኤች ውስጥ ሌላ ግንኙነት የሚያልፍበት መንገድ) ብቻ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው እዚያ ላይ አይታይም። የኤስኤስኤች ፕሮሰሶችን ዝርዝር እዩ። ሰውየው የገባው በሩት ከሆነ ደግሞ የሩትን ፕሮሰስ በጅምላ አትግደሉ፣ ሰርቨሩን ይዛችሁ ነው የምትወድቁት። የእሱን ግንኙነት የፕሮሰስ ቁጥር ከሎጉ ፈልጋችሁ እሱን ብቻ ቁረጡ። በተቀጠረ ሰዓት ስራ በሚያስነሳው ክሮን ላይ የተወው ስራ ካለም እሱን ማየት ነው።

አካውንት መዝጋት ሲባል ፓስወርድ መቆለፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን የተለመደ አቀማመጥ ፓስወርዱ የተቆለፈ ተጠቃሚ በቁልፍ ይገባል። የአካውንቱን ማብቂያ ቀን ወደ ኋላ መልሱት፤ እሱ ሁለቱንም ይዘጋል።

ምልክት፦ የወጣው ቁልፍ ተመልሶ መጣ

አንድ ነገር እየመለሰው ነው። ወይ ሰርቨሮችን በራሱ የሚያዋቅረው አንሲብል ነው፣ ወይ አዲሱ ሰርቨር ከድሮ ስናፕሾት (የሰርቨር ሙሉ ቅጂ) ተነስቷል። አንሲብል ላይ ቁልፉን ከዝርዝሩ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ «አብሰንት» ብላችሁ ካላዘዛችሁት ሰርቨሩ ላይ ያለውን አይነካውም። ስናፕሾቱን ደግሞ ከጸዳ ሰርቨር እንደገና ውሰዱና የድሮውን ጣሉት።

ምልክት፦ ኤፒአዩ ራሱ እምቢ አለ

መልሱ 401 ከሆነ ቶክኑ (ኤፒአዩን ለመጠቀም የሚሰጠው የይለፍ ኮድ) ልክ አይደለም ወይም ጊዜው አልፏል። 403 ከሆነ ቶክኑ ይሰራል፣ የመጻፍ ፈቃድ ግን የለውም። 429 ከሆነ ጥያቄ አብዝታችኋል፤ ጠብቃችሁ ሞክሩ።

«የለም» የሚለው 404 ተንኮለኛ ነው። ቁልፉ ቀድሞ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ችግር የለም። ግን ሄትዝነር ላይ አንድ ቶክን የሚያየው አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው። ቁልፉ በሌላ ፕሮጀክት ተቀምጦ እናንተ «የለም» ትባላላችሁ። ስክሪፕታችሁ 404ን እንደ ስኬት የሚቆጥር ከሆነ ይሄን አስተካክሉ።

ሌላው ችግር የቁልፎቹ ዝርዝር በገጽ መከፋፈሉ ነው። ዲጂታል ኦሽን ካልጠየቃችሁት በአንድ ገጽ 20 ቁልፍ ብቻ ይመልሳል፣ ሄትዝነር 25። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ የሚያነብ ስክሪፕት ቀሪዎቹን ቁልፎች ሳያይ «ጨርሻለሁ» ይላል።

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የሰውየውን የራሱን የኤፒአይ ቶክን ሰርዙ። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ቶክን እጁ ላይ እስካለ ድረስ እናንተ ቁልፍ ስትለቅሙ እሱ የራሱን ቁልፍ የያዘ አዲስ ሰርቨር ያስነሳል።