ከኪራይ የወጣ ሞተርሆም ስትገዙ መጀመሪያ አልጋው ላይ ውጡ

አሜሪካ ውስጥ ከኪራይ የወጣ ሞተርሆም (አልጋና ማብሰያ ያለው፣ እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና) ለመግዛት ካሰባችሁ ማይሉ 120 ሺህ መሆኑ ብዙ አያስደንግጣችሁ፤ የሰርቪስ መዝገቡን ብቻ ጠይቁ። የሚያከስረው የቤቱ ክፍል ነው፣ በተለይ የሚሰርግ ውሃ።

ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ላይ ውጡና ፍራሹን አንሱ። ማዕዘኖቹንና የመስኮቱን ዙሪያ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ከለሰለሰ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ እንጨቱ በስብሷል፤ ዋጋ መከራከር የለም፣ ትታችሁ ሂዱ። እዚያች ቦታ ብቻ አዲስ ነገር ተለጥፎ ካያችሁም ጠርጥሩ።

ጎማው ጎን ላይ በዲኦቲ (DOT) ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም 7 ዓመት ካለፈው የ6ቱንም መቀየሪያ (የኋላው ጥንድ ጥንድ ነው) ከዋጋው አስቀንሱ።

ፍሪጁን መኪናውን ልታዩ ከምትሄዱበት ቀን በዋዜማው ማታ በጋዝ እንዲያበሩት ለሻጮቹ ንገሯቸው፤ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ስለሚፈጅ ቆማችሁ አትፈትሹትም። ጀኔሬተሩን ደግሞ ኤሲው በርቶ ግማሽ ሰዓት አስነሱት።

ከገዛችሁ በኋላ ጣሪያው ከጎማ የተሠራ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ሲሊኮን እንዳትቀቡ። በደንብ አይይዝም፤ በኋላ የምትቀቡት ትክክለኛው ማሸጊያም እንዳይጣበቅ ያደርጋል።