ጥቁሩን ቁራ ከጥላነት ያወጣሁበት መንገድ

ደሴ ላይ ቁራ ፎቶ ለማንሳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣሪያ ላይም፣ ባሕር ዛፍ ላይም አለ። የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ከጦሳ ተራራ በላይ ያለው ሰማይ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣብኝ ነበር። ዓይን የለ፣ ላባ የለ።

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ፎቶውን የሞላው ብሩህ ሰማይ ከሆነ ያጨልመዋል፤ ወፉም አብሮ ይጨልማል።

የፈታልኝ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ነው፤ ካሜራው ከመረጠው ይልቅ ፎቶውን የሚያበራ (+) ወይም የሚያጨልም (−) ማስተካከያ። ወደ +1 አወጣሁት፤ ደመናው በጣም ሲነጣ እስከ +1.7። ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ቢቀር ይቅር፤ የምፈልገው ላባውን ነው። ማጅራቱ ላይ ያለችው ነጭ ምልክት ከተቃጠለች፣ ማለትም ዝርዝሯ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነች ግን ትንሽ እቀንሳለሁ።

ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። ጥቁር አፈር ላይ ሲቆሙ ካሜራው ያበራባቸዋል። እዚያ ወደ −1 ዝቅ ማድረግ ነው።

ለሚበር ወፍ ይሄም አይበቃም። አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ተራራ ከኋላው ይመጣል፤ ካሜራውም አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ ማኑዋል፤ ብርሃኑን ካሜራው ሳይሆን እኔ እወስናለሁ። ፀሐይ ከጀርባዬ ሆና በደንብ ስትወጣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1600 ሰከንድ ለቁራው ጥሩ ነው። ለነጩ ወፍ ሹተሩን ወደ 1/4000 አፈጥነዋለሁ። ደመና ሲመጣ እንደገና መለካት ግድ ነው።