ዊልቸር አንዳንዴ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው በአውሮፕላን ሲጓዝ እንዴት ይዘጋጅ?

ቤት ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚንቀሳቀስ፣ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም በከዘራ ደርሶ የሚመለስ ሰው የኤርፖርት ኮሪደር ሊያሸንፈው ይችላል። ስህተቱ የሚጀምረው ግን ቀድሞ፣ ትኬት ሲቆረጥ ነው። «መራመድ ይችላሉ?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ይበላሻል።

1. መልስዎ ደረጃ ስለ መውጣት ይሁን። አየር መንገዶች ለዊልቸር እርዳታ ሦስት መለያ አሏቸው። «ደብልዩ ሲ ኤች አር» (WCHR) ረጅም መንገድ ለማይሆንለት፣ ደረጃ ግን ለሚወጣ ነው። «ደብልዩ ሲ ኤች ኤስ» (WCHS) ደረጃ ለማይወጣ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ለሚራመድ፤ «ደብልዩ ሲ ኤች ሲ» (WCHC) ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ቆሞ መንገደኛው በአውቶቡስ ሲወሰድ ነው። የመጀመሪያው መለያ ያለው መሰላሉን እንዲወጣ ይጠበቅበታል፤ ሁለተኛው በማንሻ መኪና ይሳፈራል። ስለዚህ እግርዎ ሲብስበት የሚችሉትን ያስመዝግቡ፤ ደህና የሆኑበትን ቀን አይመልከቱ።

ልጆች ከውጭ ሆነው ለወላጅ ትኬት ሲቆርጡ ዊልቸር እንደጠየቁ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቦሌ ላይ ወንበሩ ሲመጣ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብለው የሚመልሱት ጥቂት አይደሉም፤ አንዴ ከተመለሰ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

2. ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ። በተለይ ጉዞው በሁለት አየር መንገዶች ከሆነ ጥያቄው በእያንዳንዱ በረራ ላይ መመዝገቡን ደውለው ያረጋግጡ። የዊልቸር ተጓዥ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ስለሚወርድ፣ በመሸጋገሪያ ላይ ከ2 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ያለው ትኬት ባይገዙ ይሻላል።

3. የራስዎን ዊልቸር ከያዙ ከሻንጣ ቁጥር አይገባም። «እስከ አውሮፕላኑ በር እወስደዋለሁ» ይበሉና ወንበሩ ላይ በሚታሰረው መለያ ወረቀት (ታግ) ላይም በሩ ላይ እንዲመለስልዎ ያስጽፉ። ከማስረከብዎ በፊት ትራሱንና የእግር ማሳረፊያዎቹን ነቅለው ይዘው ይግቡ፤ በቀላሉ የሚወልቅ ነገር በቀላሉ ይጠፋል። የሚታጠፈውን ወንበር በቀበቶ ይሰሩት፤ በአራቱም በኩል ፎቶ ያንሱት።

4. ዊልቸሩ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የባትሪውን አቅም በዋት ሰዓት ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ፦ 24 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይሆናል። የሚነቀል የሊቲየም ባትሪ አንድ ከሆነ እስከ 300፣ ሁለት ከሆኑ እያንዳንዳቸው እስከ 160 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል። የተነቀለው ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል አይገባም፤ ከእርስዎ ጋር ነው የሚጓዘው። የአየር መንገዱን ፈቃድ ግን ቀድመው ይያዙ።

5. መቀመጫው መተላለፊያው ጠርዝ ላይ፣ ለመጸዳጃ ቤት ቀረብ ያለ ይሁን። የአደጋ መውጫ ረድፍ አይሰጥዎትም። በብዙ አውሮፕላኖች የመተላለፊያው በኩል የእጅ ማሳረፊያም ይነሳል፤ መክፈቻዋ ከሥሩ ወደ ኋላ፣ መታጠፊያው ጋ ተደብቃ ነው ያለችው። አስተናጋጇ እንድታነሳልዎ ይጠይቁ፤ ጎንዎን ሳያጣምሙ ተንሸራተው ይቀመጣሉ።

6. ሲደርሱ ረዳቱ ሳይመጣ ከመቀመጫዎ አይነሱ። ወንበርዎን እንደተረከቡ ጎማውን፣ ፍሬኑንና መታጠፊያውን ይሞክሩ። የተሰበረ ነገር ካለ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ አስመዝግበው የሪፖርቱን ቅጂ ይቀበሉ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚደነግገው በሞንትሪያል ስምምነት በሚዳኝ ዓለም አቀፍ በረራ የጉዳት አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ዕቃውን ከተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ያነሷቸው ፎቶዎች የሚያስፈልጉት ያኔ ነው።