የድሮ የህንድ አክሽን አክተሮችን ከወጣትነት እስከ ሽበት እንዴት እንከታተል

ባለፈው ክረምት አጎቴ ከቢቸና መጥቶ እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ ሦስት ሳምንት ከረመ። ጋሼ ነው የምለው። አሁን ስልሳውን አልፏል፣ በወጣትነቱ ግን የቪዲዮ ቤት ሰው ነበር፣ የገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ሲጨርስ አህያውን ለሰው አደራ ሰጥቶ ጨለማ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ አንድ ህንድ ፊልም ሳያይ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። አንድ ማታ ስልኬ ላይ ፊልም ሳይ ደረሰና "ያ ረጅሙ ልጅ፣ አሚታብ፣ አሁንም ይሠራል እንዴ?" አለኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ አዎ ይሠራል ስለው አላመነኝም። ለሱ አሚታብ አሁንም ያ ሰፊ ሱሪ የለበሰ ልጅ ነው።

በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ከመጀመሪያው እስከ አሁን በቅደም ተከተል እያየነው ከረምን፣ እኔም ህንድ ፊልም ሳይ ኖሬ ያላወቅኩትን ነገር ያኔ ነው ያወቅኩት። እንዴት እንዳደረግነው ልጻፍላችሁ፣ ቤታችሁ እንደ ጋሼ አይነት ሰው ካለ ደግሞ በደንብ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ዛሬ ሳኒ ዲዮል ነገ ሚቱን ከነገ ወዲያ ሳንጄይ ዳት እያላችሁ ከቀላቀላችሁ ሁሉም ፊልም አንድ ይመስላችኋል፣ ድብድብ ዘፈን እናት ስታለቅስ አለቀ። የነዚህ ሰዎች ነገር የሚገባው አንዱን ይዛችሁ አብራችሁት ስታረጁ ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው እኮ። ለጀማሪ አሚታብን ነው የምመክረው ምክንያቱም መነሳትም መውደቅም መሞት መቃረብም ሁሉም ነገር አለበት።

ሁለተኛ ደብተር ያዙና ዓመቶቹን ጻፉ። የተወለደበት፣ የመጀመሪያ ፊልሙ፣ የታወቀበት። እዚህ የማስቀምጣቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ከትልቅ ሰው ጋር የምታዩ ከሆነ ግን ሰባት ወይ ስምንት ቀንሱና በኛ ንገሩት፣ ያኔ ከራሱ ዕድሜ ጋር ያገናኘዋል። ለምሳሌ ሾሌይ የሚባለው የአሚታብ ፊልም የወጣው ኦገስት 15 ቀን 1975 ነው፣ በኛ ነሐሴ 9 ቀን 1967 ማለት ነው። ይሄን ስነግረው ጋሼ ዝም ብሎ ቆየና "ፍልሰታ ነበራ፣ እኔ ያኔ እረኛ ነኝ" አለኝ። ከዛ በኋላ ፊልሙን ያየበት ዓይን ሌላ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ሰውየው ያለውን ፊልም ሁሉ ለማየት አትሞክሩ፣ አንዳንዱ ከመቶ በላይ አለው። አምስት ፊልም ይበቃል ግን አምስቱ ከተለያየ ዘመኑ ይሁኑ፣ ሳይታወቅ የሠራው፣ ያወጣው፣ ጫፍ ላይ ሆኖ የሠራው፣ ሲከብደው የሠራው፣ ሸምግሎ የሠራው። ብዙ ሰው ጫፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አክተሩን አውቀዋለሁ ይላል፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ።

አሚታብን እንዲህ ነው ያየነው። በ1942 አላሃባድ ተወለደ፣ በ1969 ጀመረ። ያኔ ቀጭን ረጅም ልጅ ነው፣ ራሱ እንደሚናገረው የህንድ ሬዲዮ ድምፅህ አይሆንም ብሎ መልሶታል፣ በዚያው በ1969 ግን ሚሪናል ሴን የሚባለው የቤንጋል ዳይሬክተር ለአንድ ፊልሙ ተራኪ አድርጎ ያንኑ ድምፁን ተጠቀመበት። ከዛ የሠራቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ከሰሩ። በ1973 ሌሎች ትልልቅ አክተሮች እምቢ ያሉትን ዛንጂር የሚባል ፊልም ላይ የፖሊስ መኮንን ሆኖ ሠራ። እዚህ ጋ አቁሙና አንድ ቦታ ደግማችሁ እዩ። አንድ የሰፈር ጉልበተኛ ፖሊስ ጣቢያ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል አሚታብ ወንበሩን በእግሩ ይመታዋል፣ ይሄ ፖሊስ ጣቢያ ነው የአባትህ ቤት አይደለም ይለዋል። ቡጢ የለም ደም የለም፣ አንድ ወንበር ብቻ ነው። ከዛ በፊት የነበረው የህንድ ጀግና በአብዛኛው ዛፍ ሥር የሚዘፍን አፍቃሪ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ቁጡው ወጣት መጣ። ፊልሙን የጻፉት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው፣ ዲዋርንም ሾሌይንም የጻፉት እነሱው ስለሆኑ ሦስቱን አከታትላችሁ ብታዩ ያ ቁጣ እንዴት እንዳደገ ይገባችኋል።

ሾሌይ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የምታገኙት ቅጂ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ፖሊስ መጥቶ ሽፍታውን ጋባር ሲንግን የሚይዝበት ነው። መጀመሪያ የተቀረፀው ግን እንደዛ አልነበረም፣ ጋባር እጆቹን የቆረጠበት ታኩር የሚባለው ሰው ራሱ በእግሩ ነው የሚገድለው፣ ጊዜው ህንድ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ስለነበር ሳንሱሩ አስቀየራቸው። ሁለቱንም ካገኛችሁ እዩት። ደሞ እኛ ልጅ ሆነን "አክተሩ አይሞትም" እየተባባልን ነው ያደግነው አይደል፣ አሚታብ ግን በ1975 ብቻ በዲዋርም ሞተ በሾሌይም ሞተ። ጋሼ እንዳለኝ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ትልልቅ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቷል።

ከዛ ኩሊ። ይሄኛውን ሪሞት ይዛችሁ ነው የምታዩት። በ1982 ጁላይ ባንጋሎር ላይ ሲቀርፁ ፑኒት ኢሳር ከሚባል አክተር ጋር እየተደባደበ እያለ አሚታብ ሆዱን ክፉኛ ተጎዳ፣ ከጠረጴዛ ጋር ነው የተጋጨው፣ ሆስፒታል ገብቶ ሊሞት ደረሰ፣ ህዝቡ በየቤተ መቅደሱ እየጸለየ ከረመ። ፊልሙ በ1983 ሲወጣ ያቺ ቅጽበት ላይ ስዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና የተጎዳው እዚህ ጋ ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጋሼ ይሄን ከሠላሳ ዓመት በፊት አይቶታል ግን ጽሑፉ ምን እንደሚል ያነበበለት ሰው አልነበረም፣ ካሴቱ ተበላሽቶ የቆመ ነበር የመሰላቸው። አሁን ስነግረው "ኧረ በስመአብ" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ መለስኩለት። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ መጀመሪያ ሊገድለው ያሰበውን ገጸ ባህሪ ከዚህ አደጋ በኋላ አኑሮታል። እንግዲህ አክተሩ አይሞትም የሚባለው እውነት የሆነው እዚህ ጋ ነው።

ከዛ ወዲያ ያለው የመውደቁ ጊዜ ነው፣ አትዝለሉት። በ1984 ፓርላማ ገባ፣ በ1987 ለቀቀ፣ ኋላም የከፈተው ድርጅት ዕዳ ውስጥ ከተተው። መሀል ላይ በ1990 አግኒፓት አለ፣ ድምፁን ሆን ብሎ አጎርንኖ የሠራበት፣ ያኔ ሲኒማ ቤት ብዙም አልሸጠም ግን ብሔራዊ ሽልማት አገኘበት። በ2000 የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ይዞ ብቅ ሲል ነው እንደገና የተነሳው። የሽምግልናውን ለማየት የ2024ቱን ካልኪ ውሰዱ፣ ፊልሙ እንኳን ቴሉጉ በሚባል ሌላ የህንድ ቋንቋ ነው ግን ሰማንያውን ካለፈ በኋላ ሲዋጋ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ፍላሽ ማስጫን እንምጣ፣ እዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። ህንዶች የፊልም ስም ይደግማሉ። ዶን ብትሉ የ1978ቱ የአሚታብ አለ የ2006ቱ የሻሩክ ካን አለ፣ አግኒፓት የ1990 አለ የ2012 የሪቲክ ሮሻን አለ፣ ዛንጂርም በ2013 እንደገና ተሠርቷል። አንድ ፊልም መጫኛ ቤት አግኒፓት ብዬ አስጭኜ ቤት ስከፍተው ሪቲክ ብቅ አለ፣ ጋሼ ቡና ተፈልቶለት ፈንዲሻ ይዞ እየጠበቀ ነበር፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ስለዚህ ስም፣ ዓመትና የአክተሩን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ እዛው ቆማችሁ ደሞ አስከፍታችሁ መጀመሪያውን እዩ። በአማርኛ የተተረከ ካለ ይሰጧችኋል፣ ለእናቶች ጥሩ ነው አልክድም፣ ግን አሚታብን የምታዩ ከሆነ ድምፁ የሰውየው ግማሽ አካል ነው፣ በላዩ ላይ ሲተረክ ይጠፋል። እኔ ያለ ትርጉም አስጭኜ ለጋሼ አስፈላጊውን ብቻ በአፌ ነገርኩት። ህንድኛ የሚባለው ሁሉ ሂንዲ እንዳልሆነም እወቁ፣ ራጂኒካንት በዋናነት የታሚል ነው፣ ቺራንጂቪ የቴሉጉ ነው፣ የተለያየ ኢንዱስትሪ ነው።

የድሮዎቹ ሦስት ሰዓት ይደርሳሉ፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። መሀል ላይ ኢንተርቫል የሚል ጽሑፍ ይመጣላችኋል፣ እዛ ላይ ቁረጡና ቀሪውን ለነገ አቆዩት።

ቡጢ ለሚወድ ሰው ሳኒ ዲዮል። በ1983 ቤታብ ላይ አባቱ ዳርመንድራ ፕሮዲዩስ አድርጎ አስጀመረው፣ በ1990 ጋያል፣ በ1993 ዳሚኒ ላይ ጠበቃ ሆኖ ስለ ሁለት ኪሎ ተኩል እጁ የሚናገርበት፣ በ2001 ገዳር። ገዳር ላይ የውሃ የእጅ ፓምፕ ከመሬት ነቅሎ ሰው ያሳድድበታል። እኛ አገር ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ያ ፓምፕ በሲሚንቶ እንዴት እንደሚተከል ስለሚያውቅ፣ ጋሼ "ሠፈሩ ሁሉ ምን ሊጠጣ ነው" ነበር ያለው። አሁን የ2023ቱን ገዳር ሁለት ክፈቱ፣ ዳይሬክተሩ ያው አኒል ሻርማ ነው፣ ሰውየው ስልሳውን አልፏል። ሰዎች ከበውት እያለ ፓምፕ ያያል፣ ማየት ብቻ፣ ሰዎቹ ይሸሻሉ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ካላያችሁ ይሄ ትርጉም አይሰጥም።

ሚቱንን ዲስኮ ዳንሰር ብላችሁ አትጀምሩ። የመጀመሪያ ፊልሙ ምሪጋያ በ1976 ነው፣ የጫካ አዳኝ ሆኖ፣ ለአሚታብ ድምፅ ዕድል የሰጠው ያው ሚሪናል ሴን ነው የሠራው፣ በመጀመሪያ ፊልሙ የምርጥ ተዋናይ ብሔራዊ ሽልማት ወሰደበት። ከዛ በኋላ ነው በ1982 በዲስኮ ዳንሰር ነጭ ልብስ ለብሶ ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሰው ያበደለት። በዘጠናዎቹ ኡቲ በምትባል ደጋ ከተማ ሆቴል ይዞ እዛው ትንንሽ በጀት ያላቸውን አክሽኖች አከታትሎ ሠራ፣ ከነሱ አንዱን ብቻ እዩ፣ ይበቃል። በ2024 የህንድን ትልቁን የሲኒማ ሽልማት፣ ዳዳሳሄብ ፋልኬን ተቀበለ።

ሌባውንም አትርሱ። አምሪሽ ፑሪ አብዛኛውን ወጣትነቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ያሳለፈ፣ ፊልም ላይ የታወቀው ዘግይቶ ነው፣ በ1987 ሞጋምቦ የሚባል ሌባ ሆነና የአንድ ትውልድ ልጆችን አስፈራራ፣ በ2005 አረፈ። ቪኖድ ካናም በሌባነት ጀምሮ ነው አክተር የሆነው፣ በ1982 ጫፍ ላይ እያለ ሁሉን ጥሎ አሜሪካ አንድ መንፈሳዊ መሪ ጋ ሄዶ አትክልተኛ ሆነ፣ በ1987 ተመለሰ። እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ድብድቡን ስታዩ ፊትን ሳይሆን እግርን ተመልከቱ። ካሜራው ራቅ ካለና ፊቱ ካልታየ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። አጃይ ዴቭጋን በ1991 ሁለት የሚሄዱ ሞተሮች ላይ እግሩን ከፍቶ ቆሞ ሲገባ ፊቱ በደንብ ይታያል፣ አባቱ ቪሩ ዴቭጋን የድብድብ አሰልጣኝና አቀናባሪ ስለነበር ከልጅነቱ እዛው ነው ያደገው። ሲያረጁ ደግሞ ቆረጣው ይበዛል፣ አንድ ቡጢ በአራት ቁራጭ ይመጣል፣ እዛ ላይ ዕድሜውን ትቆጥራላችሁ።

ጋሼ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ቢቸና ተመለሰ። ኅዳር 15 ቀን ዳርመንድራ ዘጠና ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ ሲባል ደወልኩለት፣ ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነና "ያ ደረቱ ሰፊው?" አለኝ፣ ነፍስ ይማር አለ። ለሚቀጥለው አመጣጡ የሱን አምስት እያዘጋጀሁለት ነው፣ የ1966ቱ ሸሚዙን የሚያወልቅበት ፑል ኦር ፓታር፣ የ1971ዱ ከቪኖድ ካና ጋር የሚፋጠጥበት፣ ሾሌይ ዘንድሮ በሱ በኩል፣ የ1987ቱ አኒል ሻርማ ልጁን ሳይዝ አባቱን ይዞ የሠራው ሁኩማት፣ መጨረሻ ላይ የ2007ቱ አፕኔ፣ አርጅቶ ቦክሰኛ አባት ሆኖ ከሁለቱ ልጆቹ ከሳኒና ከቦቢ ጋር። ወረቀቱ ላይ ዓመቶቹን አስምሬባቸዋለሁ።