ጥንታዊ የጣሊያን መስታወት በጨረታ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረመራል?

ካታሎጉ ላይ «የጣሊያን ሮኮኮ መስታወት፣ እንጨቱ የተቀረጸና ቀለም የተቀባ» የሚል ካዩ ከዋጋው በፊት ዘመኑን የሚገልጹትን ቃላት ያንብቡ። «18ኛው ክፍለ ዘመን» እና «በሮኮኮ ስልት» ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ስልቱን አስመስሎ ኋላ ላይ የተሠራ ማለት ነው። ሮኮኮ የሚባለው የጌጥ ስልት በቬኒስ የደመቀው እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ አጋማሽ ነበር፤ ጥምዝምዝ ቅጠል፣ ዛጎል፣ አበባ፣ አንዳንዴም ግራና ቀኙ የማይመሳሰል አናት ይታይበታል። ኋላ የተሠራውም ሊያምር ይችላል፤ ጥፋቱ በአሮጌው ዋጋ መግዛት ነው።

ዕቃው ለእይታ በሚቀርብበት ቀን የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ሠራተኛውን አስፈቅደው ጀርባውን ያዙሩት። እኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አጠፋለሁ። ባትሪውን ከጎን ሲያበሩበት በእጅ መላጊያ የተላገ አሮጌ እንጨት ወጣ ገባ ይላል፤ ጥቁረቱም ቦታ ቦታ ይለያያል። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም የተለቀለቀ ከሆነ ይጠርጥሩ። በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር ጎኑ አራት ማዕዘን ነው። በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ካገኙ ግን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ሰው ነክቶታል፤ ጥገና ብቻም ሊሆን ስለሚችል እሱን ብቻ አይተው አይፍረዱ።

የነቀዝ ቀዳዳ ብዙ ይናገራል። ክብ የሆነው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሰፋው ቀዳዳ ነፍሳቱ አድጎ የወጣበት በር ነው። ቅርጹ ላይ እንደ ቦይ የተጋደመ ግማሽ ዋሻ ካዩ ግን እንጨቱ የተቀረጸው ነቀዝ ከበላው በኋላ ነው፤ አሮጌ ሳንቃ ተፈልጎ አዲስ ፍሬም ወጥቶለታል። ከቀዳዳው ሥር ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ካለ ደግሞ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ፤ ቤት ያለው ዕቃዎም አይቀርለትም።

ዋናው ዋጋ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። የድሮ ባለሙያዎች እንጨቱን መጀመሪያ በሙጫ የተለወሰ ጀሶ ይቀቡታል («ጀሶ» የምንለውም ከጣሊያንኛ የወሰድነውን ነው)። ወርቅ የሚለብሰው ቦታ በጀሶው ላይ ቀይ ሸክላ አፈር ይጨመርበትና ስሱ የወርቅ ቅጠል ይለጠፍበታል። ጠርዙ ላይ ትንሽ የተፈነከተ ቦታ ፈልገው በማጉያ መነጽር ይዩት፤ እንጨት፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ወርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበው ይታያሉ። ወርቅ መስሎ ሲፋቅ ነጭ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቢጫ ቫርኒሽ የተቀባ የብር ቅጠል ነው፤ ይህ የቆየ የጣሊያን ዘዴ ስለሆነ እንደ ማጭበርበር አይቁጠሩት። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲያዩት አሮጌ ቫርኒሽ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ በኋላ የተቀባው ጠቁሮ ይለያል። ለእኔ የተላላጠ የመጀመሪያ ቀለም እንደ አዲስ ከተቀባ አብረቅራቂ ይሻላል።

ወደ መስታወቱ ሲመጡ የእርሳስ ጫፍ ያስነኩት። በእርሳሱና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት የመስታወቱን ውፍረት ያሳያል፤ ጠበብ ካለ ስስ የድሮ መስታወት ሊሆን ይችላል። የድሮው ጀርባ ቆርቆሮና ሜርኩሪ ነው፤ ምስሉ ግራጫ ይላል፣ ነጠብጣብም ያወጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 በብር መለበጥ የሚቻልበትን መንገድ ቢያገኝም ሜርኩሪው ቶሎ አልቀረም። ስለዚህ ጀርባውን በጥፍር አይፋቁት፤ ሜርኩሪ መርዝ ነው። መስታወቱ ተተክቶ ፍሬሙ የድሮ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ስለ ጉዳቱና ጥገናው የጨረታ ቤቱን ዝርዝር መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ሂሳብ ይሥሩ። የአጫራቹ መዶሻ በ4,000 ዩሮ ቢወርድ፣ ማለትም ዕቃው በዚህ ዋጋ ቢሸጥልዎና የቤቱ ኮሚሽን 25 በመቶ ቢሆን፣ ታክስና ማጓጓዣ ሳይጨመር 5,000 ዩሮ ይከፍላሉ። ዕቃው ያለው ጣሊያን ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ ዕድሜው ከ70 ዓመት፣ ዋጋው ከ13,500 ዩሮ በላይ ከሆነ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

ካሸነፉ ለአጓጓዡ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩ፤ መስታወቱ እንደተሰቀለበት ቆሞ ይጓጓዝ፣ አይጋደም፣ አይገልበጥም።